የሽፋኑ ሰውዬ

ሰፈርተኛው «ጋሼ ልቦለድ» ይለዋል። ባለ አንድ ክፍል መጻሕፍት ቤት አለው። መላጣ፣ ቦርጫምና ጉልበቱን የሚያመው መሆኑን ማንም ሳይቀድመው ራሱ ይናገራል። ለመጣው ሁሉ የፍቅር ልቦለድ መርጦ ይሰጣል፤ ታሪኩን ጣፋጭ ጣፋጩን ይተርክና መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ገበያው የሚደራው እንደዚያ ነው። ወደ ራሱ ጉዳይ ሲመጣ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ታናሽ እህቱ «አንተ እኮ የሰው ሠርግ አዳማቂ ነህ» ስትለው አይከራከራትም፤ እውነቷን ነው።

ምላሱን የምታስረው ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት ናት። በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ልቦለድ ትገዛና እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ዘንድሮ ግን ክፉ ወሬ ሰማ፤ አሠሪዎቿ ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛወሪ ብለዋታል። አሁን ካልተናገረ አለቀለት።

በበዓሉ ዋዜማ ስትመጣ ያስቀመጠላትን መጽሐፍ ሰጣት። ታሪኩ ስለ አንድ ትንሽ መጻሕፍት ቤት ነው። እንደ ልማዱ መተረክ ጀመረ፤ ዳሩ ግን የመጽሐፉ ታሪክና ሊላት ያሰበው ነገር አፉ ውስጥ ተደበላለቁበት።

«ሰውዬው መጽሐፍ ሻጭ ነው» አለ። «መላጣ ነው። ጉልበቱን ያመዋል። ማዶ ፋርማሲ የምትሠራ ሴት ይወዳል፤ ግን ፈሪ ነው።»

የመጽሐፉን ሽፋን ወደ እሱ አዞረችው። ጸጉሩ ትከሻው ላይ የተዘናፈለ ጎረምሳ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«ሠዓሊው መጽሐፉን አላነበበውም» አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እሷ አልሳቀችም። መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ መለሰችው።

«ሴትዮዋ ዝውውሩን ትናንት እምቢ ብላለች» አለችው። «ለበዓሉም እህቷ ጋ አትሄድም። ሰውዬው ግን ይኸው፣ አሁንም መጽሐፍ ሊሸጥላት ነው።»

ጋሼ ልቦለድ በደስታ መጽሐፉን ወደ ጎን ገፋው። ዕድሜ ልኩን ካነበበው ሁሉ አንዲት ቃል እንኳ አልመጣ አለችው።

«ነገ ምሳ እኔ ዘንድ ይብሉ» አለ እንደ ምንም። «ብቻ ምግብ መሥራት አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለች። «በሽንኩርት ፈንታ ጣትዎን በከተፉ ቁጥር ፋሻ የምሸጥልዎ እኔ አይደለሁ?»

ከነዚያ ቁስሎች ግማሾቹ ፋሻ የማያሻቸው እንደነበሩ ሊነግራት አሰበና ለነገ አቆየው።