ውሃ የማይቀምሱት ባልቴት

በንጉሡ ጊዜ ነው። ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከሸዋ መጥቶ የሰፈረው አባቴ ከአርሲ ጎረቤታችን ጋር በግጦሽ ድንበር ተጣላ። ለማስታረቅ የሚመላለሱት አንዲት የአርሲ ባልቴት ነበሩ። ያገቡ ሴቶች የሚይዙትን ቀጭን በትር፣ ስንቄ የሚባለውን፣ ይዘው መሃል ከቆሙ ዱላ የሚያነሳ ወንድ አልነበረም።

እናቴ ግን አላመነቻቸውም። ምግብ ስታቀርብ እምቢ፣ ውሃ ስትሰጥ እምቢ። «የጎረቤታችን ሰላይ ናቸው፤ ባይሆኑማ ለምን ይጠየፉናል?» ትል ነበር። እኔም ደጃችን ላይ መድኃኒት ይጥሉ ይሆናል እያልኩ ከእጃቸው ላይ ዓይኔን አልነቅልም።

በመጨረሻ ሁለቱ ጠበኞች ተቃቀፉ። ባልቴቷ ቤታችን ገብተው፣ «ዕርቅ ሳይወርድ ከሁለቱም ቤት አልቀምስም፤ ደንባችን ነው። አሁን ወተት ስጪኝ፣ ልጄ» አሏት። እናቴ በእፍረት እየተጣደፈች ቀድታ ሰጠቻቸው። ዋንጫውን ወደ አፋቸው አስጠጉና ቆም አሉ። ከዚያ መልሰው ዘረጉላት።

«እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺልኝ።»

አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል፤ ለካ እሳቸውም እኛኑ ሲጠረጥሩ ነው የከረሙት!