ግድግዳ የሚደገፈው ተማሪ

በዳንግላ የማታ የንግድ ትምህርት ክፍላችን ግድግዳ የተጠጋችው የመጨረሻ ወንበር የእሱ ናት። ሰው ቀድሞት ከተቀመጠባት እስኪነሣለት ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ሌላ ቦታ አይቀመጥም። ከከተማው ዳር የሚያርስ፣ አርባን ያለፈ ገበሬ ነው። የካኪ ኮቱ ሞፈር በሚሸከምበት ትከሻው ላይ ሳስቷል። ሌላው ዱላውን በር ላይ አቁሞ ሲገባ፣ እሱ ሽመሉን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ይጽፋል። ውጭ ውሻ በጮኸ ቁጥር እርሳሱ ቀጥ ይላል።

ትናንት ወጣቱ መምህራችን ወደ ሰሌዳው ጠራው። ወጣ፤ ግን ለበሩ ጀርባውን አልሰጠም። በጎኑ ቆሞ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል «ሻጭና ገዥ» ብሎ ጻፈ። ፊደሎቹ ቁልቁል ተንሸራተቱ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔንም ሳቄ አመለጠኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መምህሩ ግን አልሳቀም። «ለመሆኑ እርስዎ ንግድ ለምን ይማራሉ? መሬት አለዎት አይደል?» አለው።

«አለኝ፣ መምህር። ወንድሜ እዚያው መሬት ላይ ሲያርስ ነው ከኋላው በጥይት የተመታ። ባለሱቅ ግን ግድግዳ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ በር አዙሮ ነው የሚውል።»