እምቢ ያለችው ቡሎን

ወረታ መገንጠያው ላይ፣ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፍበት ዘንድ፣ አንድ ያለቀለት የከባድ መኪና ጎማ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ጽሑፍ የለው፣ ቀለም የለው፤ ጎሚስታ እዚህ አለ ማለት ነው። ከጎማው ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ ውስጥ፣ ደሳለው አለ። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ከጎንደር በኩል መኪና ሲመጣ ገና ሳይቆም በድምፁ ብቻ «የኋላ ግራው እየተነፈሰ ነው» ይላል። ወርደው ሲያዩ እውነትም የኋላ ግራው ነው። አንዳንዴ የፊት ቀኙ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ደሳለው ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።

የፎገራ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ በሬ ጠምደው ጤፍና ጓያ ሲያመርቱ፣ እሱ መኪና ባለፈ ቁጥር ጅራፉን ጥሎ አቧራ ውስጥ ሲሮጥ «ይኸን ልጅ ምን ነካው?» ይሉ ነበር። የነካውማ የቤንዚን ሽታ ነው። ከአንድ ሽማግሌ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ገብቶ ሙያውን ለመደ፤ ሽማግሌው ሲያርፉ ፓምፑም ቆርቆሮውም ለእሱ ቀረ። ዘመኑ ደግሞ ጎማ የጠፋበት የአብዮት ዘመን ነው። አዲስ ጎማ ለማግኘት ማመልከቻ ያስፈልጋል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ከዚያ መልሱ ሳይመጣ መኪናው ያረጃል። ስለዚህ አገር ምድሩ በተጠገነ ጎማ ላይ ይንከባለላል፤ ደሳለውም ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ይኸ ሰው በ1973 ዓ.ም. ጥር ላይ ሊያገባ ሆነ። ልጅቱ ጽጌሬዳ ትባላለች፤ የይፋግ ልጅ ናት። ያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይፋግ ገበያ ላይ የተበላሸ መኪና ሊጠግን ሄዶ፣ ከሥሩ ሲወጣ ሽምብራ ስትሰፍር አያት፤ እሷን ሲያይ ደግሞ ጭንቅላቱን ከመኪናው ብረት ጋር አላተመ። እብጠቱ ሳይወርድ ሽማግሌ ላከ። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ድጓ አስተማሪ ናቸው።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጎማ ይጠግናል፣ መሪጌታ።»

«መጠገኑ ደግ ነው፤ የሚቀድደው በዝቷል» አሉና ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ልጅቱን ልጠይቃት» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ።

በሳምንቱ «እሽ» የሚል መልስ መጣ። የማን እሽ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፤ የመሪጌታው ይሁን የልጅቱ። ሌላው ሰው ቢሆን ለዚህ ምን ያስጨንቀዋል! ድግሱን ደግሶ ሚስቱን ይወስዳል። ደሳለው ግን ተጨነቀ። ሳትወደው እንደ ጭነት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እንድትዛወር አልፈለገም፤ ለሰው ቢናገር ደግሞ ይስቁበታል። ስለዚህ ጭንቀቱን በእጁ ላይ ተወጣው። ሳምንቱን ሙሉ በጎማና በቅባት የጠቆረ እጁን በሎሚና በአመድ ሲፈገፍግ ሰነበተ፤ በመጨረሻ እጁ እንደ ሰው እጅ ሆነ።

የሠርጉ ዕለት ጎረቤቱ ጀማል፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ነጭ ፔጆውን አዋሰው። ጀማል ራሱ በጠዋት አንበሳሜ ለቅሶ መሄድ ስለነበረበት የመኪናዋን ቁልፍ ለሚዜዎቹ ሰጥቶ፣ ሙሽራውን መርቆ በአውቶቡስ ሄደ። ሚዜዎቹ ሁለት ናቸው። አዛናው በትራክተር ነጂነት ነው የሚታወቀው፤ ፔጆዋንም የሚነዳት እርሻ እንደሚያርስ ሰው ነው። ደሞዝ ደግሞ የቀበሌ ጥበቃ ነው፤ ግዙፍ፣ ደንብ አክባሪ፣ ጠመንጃውን ለሠርግም ቢሆን ከትከሻው የማያወርድ።

ደንብ ሲባል፣ በአገሩ ሙሽራ በሠርጉ ቀን እጁን ለሥራ አያነሣም፤ የጫማውን ክር እንኳ የሚያስርለት ሚዜ ነው። ሙሽሪትም ከአባቷ ደጅ ከወጣች ጀምሮ የባሏ ቤት እስክትገባ እግሯ መሬት አይረግጥም። ሚዜ በጀርባው አዝሎ ያወጣታል፣ አዝሎ ያስገባታል። ደሞዝ ይፋግ ላይ ጽጌሬዳን አዝሎ ፔጆዋ ውስጥ ሲያስቀምጣት የክብር ዘበኛ መስሎ ነበር። አጃቢው በኪራይ አውቶቡስ እየጨፈረ ቀድሞ ሄደ፤ ፔጆዋ ከኋላ ተከተለች።

ጽጌሬዳ ፊቷን ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ድምፅ የለም። ደሳለው እንደ ሠርገኛ ሳይሆን እንደ ሐኪም ያዳምጣታል።

«ሞቀሽ?»

ዝም።

«በረደሽ?»

ዝም።

«ሙሽራ አትናገርም!» አለ ደሞዝ ከፊት ዞሮ። «ተዋት እንጅ!»

ዝምታዋ ደንብ ይሁን ጥላቻ በምን ይታወቃል? ደሳለው ካባው ውስጥ ላብ አጠመቀው። የርብ ወንዝን ድልድይ ሊሻገሩ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ከፔጆዋ ሥር ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ደሳለው እፎይ አለ። ቢያንስ ይኸኛውን ነገር ያውቀዋል።

«የኋላ ግራው ነው» አለ።

የኋላ ግራው ነበር።

ሚዜዎቹ ወረዱ። ደሞዝ ክሪኩን አውጥቶ ከሥር ሰካና መኪናዋን ያነሣት ጀመር፤ ፔጆዋ ስትዘም ሙሽሪት ተንሸራታ ሙሽራው ላይ አረፈች። ደሳለው በደስታና በድንጋጤ መሃል ሆኖ በመስኮት ጮኸ። «ኧረ መጀመሪያ ቡሎኑን ፍታ! መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ነው ቡሎን የሚላላው! አውርድ፣ አውርድ!» መኪናዋ ወረደች፤ ሙሽሪትም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ እሱም በትእዛዙ ተጸጸተ።

አዛናው የቸርኬውን ክዳን አንሥቶ ሦስቱን ቡሎን አላላ። አራተኛዋ ላይ መፍቻው ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

«አያ ደሳለው፣ ይች ደግሞ ምንድን ናት? ጥግም የላት።»

ደሳለው ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። ክብ ናት፣ ልሙጥ ናት፣ ፊቷ ላይ እንደ ትል የተጣመመ ቦይ አላት። ጀማል አንድ ጊዜ ሁለት ጎማ በሌሊት ከተሰረቀበት ወዲህ፣ ጅዳ ያለ ወንድሙ ለየጎማው አንድ አንድ የሌባ ቡሎን ልኮለታል። ከራሷ ቁልፍ በቀር በምንም አትፈታም። ጀማል ጎማ ሊያስጠግን ሲመጣ እንኳ በገዛ እጁ ፈትቶ ቁልፏን ወደ ኪሱ ይመልሳል። አሁን ቁልፏ ጀማል ኪስ ውስጥ፣ ጀማል ደግሞ አንበሳሜ ለቅሶ ላይ። ሌባ የማይፈታትን ቡሎን ሙሽራ በምን ይፍታት!

«እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ» አለ ደሞዝ፤ ጠመንጃውን አወረደ። «አንዴ ልልቀቅባት?»

«ሙሽራዋ እኮ ውስጥ ናት!»

«አነጣጥሬ ነዋ!»

አዛናው ጠመንጃውን ቀማው። ሁለቱ በድንጋይ ቀጠቀጧት፣ በመፍቻው ጫፍ ጎረጎሯት፣ ሰደቧትም። ቡሎኗ ፀሐይ ላይ እያብረቀረቀች ተቀምጣለች። ደሳለው መስኮቱ ላይ አፍንጫውን አጣብቆ ያያል፤ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ዳቦ ሲያርርበት እንኳ እንዲህ አይሆንም። እጁን ይበላዋል። ቢወርድ ደንብ ማፍረስ ነው፤ ባይወርድ ወረታ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ «ጎሚስታው ሙሽራ ጎማ ፈንድቶበት ቀረ» ብሎ ዕድሜ ልኩን ይስቅበታል።

በዚህ መሃል ከጎንደር በኩል እህል የጫነ ከባድ መኪና ደረሰ። ሾፌሩ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል የደሳለው የዘወትር ደንበኛ ናቸው። ሙሽራውን በመስኮት ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«የሰው ጎማ ስትፈታ ኖረህ የራስህ ቀን እንዲህ ትሆን? ና፣ ሙሽሪትን ከጆንያው ላይ እናስቀምጥና ላድርሳችሁ።»

«ሽማግሌዎቹ በፔጆ እንወስዳታለን ብለው ለመሪጌታው ቃል ገብተዋል፣ ጋሼ» አለ ደሳለው። ከዚያ ወደ ጽጌሬዳ ዞር አለ። ዝም ብላለች። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብሎ በሩን ከፈተና ወረደ።

«ሙሽራ!» አለ ደሞዝ። «ኧረ በሕግ!»

ካባውን አውልቆ ደሞዝ ትከሻ ላይ ጣለለትና ተንበረከከ። ያ ሁሉ ሎሚና አመድ ባንድ አፍታ ከንቱ ቀረ፤ እጁ ጠቆረ፣ እሱ ግን ነፍስ ዘራ። ከጋሽ ኃይለ ሚካኤል ዕቃ ሳጥን ውስጥ የቡሶላ መፍቻዎችን፣ አፋቸው እንደ ጽዋ ጎድጓዳ የሆኑትን፣ አንድ በአንድ እያነሣ ቡሎኗ ላይ ይለካል። ይኸኛው ሰፋ፤ ያኛው በጣም ጠበበ፤ ይች ግን ለጥቂት እምቢ የምትል ናት።

«ይችን ነው የምፈልገው። ግን ከገባች ወዲያ ለሌላ ሥራ አትሆንዎትም፣ ጋሼ።»

«ለሠርግህ ሰጥቻለሁ፤ ቀጥቅጣት!»

በትልቁ መዶሻ ቀጠቀጣት። ጠባቧ ቡሶላ በግድ ቡሎኗ ላይ እየተጎረሰች ገባች፤ የውስጥ ጥርሷ ልሙጡን ብረት እየነከሰ ያዘ። ከዚያ ረጅሙን እጀታ ሰካ፤ እጀታው ላይ የጋሽ ኃይለ ሚካኤልን የብረት ቱቦ አጠለቀና ወደ ግራ ዘረጋው። «እኔ ቡሶላዋ እንዳታመልጥ እይዛለሁ፤ እናንተ ጫፉን ወደ ታች!»

አዛናው ተጫነ። ደሞዝ ካባ እንደለበሰ ተጫነ። ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ተጫኑ። ቱቦው ጎበጠ፣ ቡሎኗ ግን ንቅንቅ የለም። «አንድ ሰው! አንድ ሰው ቢገኝ ትለቅ ነበር!» ሲል ደሳለው ጮኸ፤ ሜዳው ላይ ግን ከላሞች በቀር ማንም የለም።

የመኪናው በር ተከፈተ።

ጽጌሬዳ መሸፈኛዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ዘጭ ብላ አስፋልቱ ላይ ወረደች።

«ኧረ እግርሽ!» አለ ደሞዝ፤ ድምፁ ቀጠነ። «ኧረ መሬት ረገጥሽ! መሪጌታ ይገድሉኛል!»

«አንተ ቱቦውን አትልቀቅ» አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ይኸ ነበር። «የት ልቁም?»

ደሳለው በአገጩ ጫፉን አሳያት። የደሞዝን ትከሻ ይዛ ወጣችና ቱቦው ላይ ቆመች። አልበቃትም፤ ዘለለች። አንዴ ዘለለች፣ ደገመች። ቡሎኗ ጢ…ው! ብላ ጮኸችና ለቀቀች። ቱቦው ወደቀ፣ አዛናው በደረቱ ተነጠፈ፣ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል በቂጣቸው ተቀመጡ፣ ደሞዝ በጀርባው ተንጋለለ፤ ሙሽሪትም ደሞዝ ሆድ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ጽጌሬዳ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ደሳለው ሰምቶ አያውቅም፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ፣ ላሞቹን ቀና ያደረገ ሳቅ ነው። ሁሉም ተከተሏት፤ ደሞዝ እንኳ ከሥሯ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

ጎማው ተቀየረ፤ ደሳለውም ካባውን መልሶ ደረበ። ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ጥሩምባቸውን እየነፉ ቀድመው ሄዱ። ፔጆዋ ድልድዩን ስትሻገር ጽጌሬዳ ተሸፋፍና እንደ ቀድሞው ተቀምጣለች። ደሳለው ጥቁር እጁን ካባው ውስጥ ደብቆ ብዙ ታግሎ ተናገረ።

«አባትሽ ጠይቀውሽ ነበር?»

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ። ‹ዝም ካልሽ እሽ ብለሻል› አሉና እሽታውን ላኩላችሁ።»

«ታዲያ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ላስብበት ነበራ!»

ሌላ ሊጠይቅ ፈለገ፤ ፈራ። ፔጆዋ ወረታ ገባች። ድንኳኑ ደጅ ላይ ሰው እንደ ጉድ ነው፤ እልልታው ገና ከሩቅ ይሰማል፤ ከበሮው ይደልቃል። ደሞዝ ወዲያው ወርዶ ልብሱን አራገፈ፤ አስፋልቱ ላይ የሆነውን ነገር ማንም እንዳያውቅ ወስኗል። በሩን ከፈተና ጎንበስ ብሎ ሰፊ ጀርባውን ለሙሽሪት ሰጠ።

«ደሞዝ፣ ተነሥ» አለችው ጽጌሬዳ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አስቤ ጨርሻለሁ፤ በእግሬ ነው የምገባው።»

ወረደች። እልልታው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ፤ ከዚያ ከበፊቱ ይልቅ ከፍ ብሎ ተነሣ። ጽጌሬዳና ደሳለው ጎን ለጎን ወደ ድንኳኑ ሲገቡ፣ ደሞዝ ጀርባውን እንደሰጠ ፔጆዋ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቀርቶ ነበር።