በደጃችን የተተከለው ባንዲራ

ዶርዜ እቤታችን አንድ ፈረንጅ ጎረምሳ በእንግድነት መጣ። ቅድመ አያቱ ሰሜን ዋልታን «አገኘሁት» ብሎ በረዶው ላይ ባንዲራ የተከለ አሳሽ ነው አለኝ።

«ማን አደረሰው?» አልኩት።

«እዚያው በረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች፣ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ።»

«ታዲያ እሱ ምኑን አገኘው?»

ሳቀብኝ። ባንዲራውን ግን በረዶው ተንሳፍፎ ይዞት እንደሄደ ነገረኝ። ከዚያ ደጃችን ላይ ትንሽ ባንዲራ ተክሎ፣ «ይሄን ቤት እኔ አገኘሁት!» እያለ ፎቶ ተነሳ። ደሜ ፈላ።

እኛ ዘንድ ከቀርከሃ የተሠራ ቤት እግሩን ምስጥ ሲበላው ጎረቤት ተጠርቶ እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። አባቴ የእኛን ቤት ለሳምንት ሊያዛውር አስቦ ነበር፤ እኔ ለማግስቱ አስደረግኩት።

ቤቱን ሊያሳያቸው ጓደኞቹን ሊያመጣ የሄደው ጎረምሳ ይዟቸው ሲመለስ ባዶ መሬት ላይ ባንዲራው ብቻውን ቆሟል።

«ቤቱስ?» አለ ደንግጦ።

«ተንሳፍፎ ሄደ።»