የንጋቷን ጨረቃ ያየሁ ዕለት

ዛሬ ንጋት ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ቀና ብዬ ያቺን ቀጭን ጨረቃ አየኋት። ወዲያው ፊቴ ጋለ። ስንት ዓመት አልፎ እንኳ ሰው የሚያየኝ ይመስል ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከወላጆቼ ጋር ከደቡብ መጥተን ሰቶ ሰመሮ በሚባል ሰፈር፣ የአንዲት ሙስሊም አሮጊት ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። የአከራያችን ዓይን በሞራ ተሸፍኖ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። ሰርቦ ከተማ ቡና የሚነግደው ልጃቸው "ብቻሽን አትኖሪም፣ እኔ ጋ ነይ" እያለ ይነዘንዛቸዋል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! "የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ልቤ አይደለም" ይሉት ነበር። ረመዳን ሲያልቅ ጨረቃዋን አይቼ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። መስጊዱ ቢያውጅም "የቤቴ ሰው ይይልኝ" ይላሉ። የጴንጤ ልጅ ሆኜ ይህ ሹመት እንዴት እንዳኮራኝ!

አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ሌሊት የዘነበበት አፈር ይሸታል። ከዛፎቹ በላይ ቀጭን ጨረቃ አየሁና "ወጣች! ዒድ ነው!" እያልኩ በራቸውን ደበደብኩ።

"ገና ሃያ ስምንት ቀን መጾማችን እኮ ነው" አሉ ግራ ገብቷቸው። "ማታ ነው ያየሻት? ፀሐይ ስትጠልቅ?"

ማታ ሰማዩን ቀና ብዬም አላየሁት። ግን አሁን ካለች ማታም ነበረች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ለእኔ ሞት ነበር። "አዎ፣ በጌታ!" አልኳቸው።

"እንግዲያው በደመናው ምክንያት ዘግይተን ነው የጀመርነው። አልሐምዱሊላህ።" ውሃ ጠጡ፣ ቴምር በሉ፣ አዲሱን ድሪያቸውን ለበሱና ለልጃቸው ደውለው "ዒድ ሙባረክ!" አሉት።

ልጃቸው እየበረረ መጣ። "እማዬ፣ አገር ምድሩ እየጾመ ነው! ማነው ዒድ ነው ያለሽ?"

"ይቺ ልጅ ናታ። ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አልነገርሽኝም?"

እሱም፣ ጫጫታውን ሰምታ የወጣችው እናቴም ዞረው አዩኝ። "ኧረ እኔ ምንም አላልኩም" አልኩ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! አከራያችን ፊታቸውን ወደ ድምፄ እንዳዞሩ ቀሩ። ልጃቸው ለእናቴ "ልቧም እየሄደ ነው" ሲላት ሰማሁት።

ስህተቴ የገባኝ በዓመቱ፣ መምህራችን በኳስና በባትሪ ሲያሳየን ነው። ያረጀችው ጨረቃ ንጋት ላይ ፀሐይን ቀድማ በምሥራቅ ትወጣለች፤ አዲሷ ግን ማታ ፀሐይን ተከትላ በምዕራብ ትጠልቃለች። እኔ ወሩን የምትሰናበተዋን አይቼ ነው ዒድ ያልኩት። ለዚህ ለዚህማ ልጅ ነበርኩ፣ ይቅር ይሉኝ ነበር። የሚያሳፍረኝ ክህደቴ ነው።

ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ልጃቸው መኪና ይዞ መጣና ፍራሻቸውን አስጫነ። አልተከራከሩትም። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ግድግዳ በእጃቸው እየዳበሱ ወጡና እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ነግረሽኝ ነበር አይደል? አላበድኩም አይደል?"

ልጃቸው የመኪናውን በር ከፍቶ ይጠብቃል። እናቴ ታየኛለች።

"በሰላም ይግቡ" አልኳቸው።

"እሺ፣ ልጄ" አሉና እጃቸውን ለልጃቸው ሰጡት።