አንድ፣ አስር፣ አስራ አንድ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ሰመራ። ቢሮ ስቀይር ከመሳቢያው ግርጌ አንድ ጥቁር ፍላሽ ወደቀ። በተለጠፈበት ነጭ ፕላስተር ላይ «ከየትም ይጀመራል» ይላል። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ አስራ አንደኛ ክፍል ስንማር የጃፓን አኒሜ አዋቂ ነን የምንል ሦስት ልጆች ነበርን። ጃፓንኛ አናውቅም፤ አራት ቃል ግን እንወራወር ነበር። ሦስት መቶ ክፍል ያልሞላውን ተከታታይ ፊልም ከቁም ነገር አንቆጥርም። ታሪኩ በየክፍሉ ተጀምሮ የሚያልቀውን «የሕፃናት» እንለዋለን። በፍላሽ ፊልም የሚጫንበት ፊልም ቤት በር ላይ፣ የከባድ መኪና ናፍጣ እየሸተተን፣ ሰው ባየው ነገር እንፈርድ ነበር። ፊልም የሚጭንልን ሰውዬ ሁሉንም ካርቱን ይለው ነበር። ከአራታችን ትክክል የነበረው እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ከደጋ አዲስ የሒሳብ መምህር መጣ። ዘመድ የለውም፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ላቡ ጀርባው ላይ ካርታ ይሠራል። ፊልም ቤት አገኘንና አኒሜ አይቶ ለማያውቅ ሰው ከየቱ መጀመር እንደሚሻል ጠየቀን። ጓደኞቼ በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ለቲቸር ቀለል ያለው ነው» አልኩና ስለ አንድ የሰዓት ጠጋኝ የሚተርክ አስራ ሦስት ክፍል ያለው ፊልም በፍላሼ አስጫንኩለት። ጠጋኙ በባቡር ይዞራል፤ በየክፍሉ አንድ ከተማ ወርዶ፣ አንድ ሰዓት ጠግኖ ይሄዳል። ፕላስተር ለጥፌ «ከየትም ይጀመራል» ብዬ ጻፍኩበት። እኔ ራሴ ያቋረጥኩት ሁለተኛው ክፍል ላይ ነበር። ይህን አልነገርኩትም።

በሳምንቱ ግራ ገብቶት መጣ። ጠጋኙ አስራ ሦስተኛው ላይ አንድ ጣቢያ ቀርቶ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ባቡር ውስጥ አገኘው። ኮምፒውተሩ ፋይሎቹን አንድ፣ አስር፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት ብሎ ደርድሮለታል፤ እሱም እንደዚያው አይቷቸዋል። የሒሳብ መምህር። ስሙ ቲቸር አንድ-አስር ሆነ። ሰሌዳ ላይ «1»ን በጻፈ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዱ «ቀጥሎ አስር» ይላል። አብሮን ይስቅ ነበር። በመሳቁም ናቅነው።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ እኔን አስቀረኝ። ከውጭ የመኪና ፍሬን ሲጥ ሲጥ ይላል።

«መጨረሻውን ቀድሜ በማየቴ አልቆጨኝም» አለ። «የት እንደሚቀር እያወቅክ በየባቡሩ ሲስቅ ስታየው ሌላ ነው። እዚህ ስለዚህ የማወራው ሰው የለኝም። አንተ አስራ ሦስተኛውን እንዴት አየኸው?»

«ደህና ነው፣ ቲቸር።»

ትንሽ አየኝ። «ደህና ነው» ብሎ ደገመና የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራገፈ።

ክረምት ሲገባ ወደ አፋምቦ ወረዳ ተዛወረ። ፍላሹን በሚሄድበት አውቶቡስ መስኮት መለሰልኝ። ኪሴ ከተትኩት፤ አውቶቡሱ ሳይርቅ ለጓደኞቼ አነጋገሩን እያስመሰልኩ አሳቅኳቸው። ፍላሹን አልከፈትኩትም።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ ወዲህ አፋምቦ ለዘገባ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ስለ እሱ አልጠየቅሁም። አዳዲስ ዘጋቢዎችን ግን ያላያችሁትን አትጻፉ እያልኩ እቆጣለሁ።

በዚያው ማክሰኞ ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ይሠራል። አስራ ሦስት ፋይል አለው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ባሉት ቁጥሮች ፊት ዜሮ ተጨምሯል፤ ሁሉም በተራቸው ተደርድረዋል። የመጨረሻው ፋይል ስም «13 አንተም እየው» ይላል።