ጋሽ ሄላሞና ባሕር የሌላት ደሴት

ጋሽ ሄላሞ ሞተ ብሎ የደወለልኝን ሰው "ማንን እያስጎበኘ?" ብዬ ጠየቅኩት። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ግን ጋሽ ሄላሞ ብቻውን የትም ሲሄድ አይቼው ስለማላውቅ፣ ይሄኛውን መንገድ ብቻውን ጀመረው መባሉ አልዋጥልህ አለኝ።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ዛሬ የሆሳዕና ከተማ በባጃጅ ተጨናንቃ፣ ልጆቹ ባለሦስት እግር በእነሱ ዘመን የተጀመረ ይመስላቸዋል። የለም። በደርግ ጊዜ ከተማችን አንድ ባለሦስት እግር ነበራት፤ ጎኑ ላይ ወንበር የተገጠመለት፣ ቀለሙ ከጭቃው የማይለይ አሮጌ ሞተር። ባለቤቱ ጋሽ ሄላሞ በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ደሴት ላይ ለመዝናናት የሚመጡ ሰዎችን በዚሁ ሞተር እያዞረ ያስጎበኝ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ሞተሩንም ሙያውንም ይዞ ገባ። ባሕሩን ብቻ ማምጣት አልቻለም።

እሱ ግን በዚህ አልተቸገረም። "ሆሳዕናም ደሴት ናት" ይል ነበር። "ክረምት ሲገባ መንገዱ ይቆረጣል። የገባ አይወጣም፣ የወጣ አይገባም። ደሴት ሌላ ምንድን ነው?"

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር አስቁሞት "ይሄ ጉብኝት የትኛውን መደብ ነው የሚያገለግለው?" አለው አሉ። ጋሽ ሄላሞ አማርኛን የለመደው አንቱታን ዘሎ ነው፤ ለሁሉም ሰው አንተ ነው። "አንተ መጀመሪያ ተቀመጥና እየው" አለው። ሊቀመንበሩ ተቀመጠ። ግማሽ ቀን ዞረ። ከዚያ ወዲያ ስለ መደብ የጠየቀ የለም።

ሞተሩ አንድ ዓመል ነበረው። የጎኑ ወንበር ባዶ ከሆነ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ተነስቶ ይገለብጣል። ስለዚህ ጋሽ ሄላሞ ሰው ሲያጣ የድንች ጆንያ ይጭናል። ጆንያውንም ያስጎበኘዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ "በስተቀኝ የምታየው ሌሞ ነው፤ የመጣህበት ማሳ።" ለምን ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ "ወንበሩ ባዶ አይሄድም።"

ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ይጸልያል። ጸሎት ቤቱን ደርግ አሽጎታል፣ እሱ ግን ቤንዚን የሚያይ መስሎ ታንከሩ ላይ ጎንበስ ይላል፤ ዓይኑን ሳይጨፍን። ጊዜው ዓይን የሚጨፈንበት አልነበረም። ጸሎቱን ሲጨርስ በአሜን ፈንታ "ሞልቷል" ይልና ሞተሩን ያስነሳል።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ።

ያኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የሄድኩ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። እጮኛዬ አልማዝ ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አልልም ስላለች፣ በደብዳቤ ከተማዋን አስዋብኩላት። አስፋልት አነጠፍኩ። ሲኒማ ቤት ከፈትኩ። በመጨረሻም እጄ ስለለመደ ሐይቅ ቆፈርኩ።

አልማዝ ሐይቁን ልታይ መጣች። ከአውቶቡስ እንደወረደች ጭቃውን አየች፣ እኔን አየች፤ "ካልወደድኩት ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ፤ የእኛም ነገር እዚያው ያበቃል" አለች።

ጋሽ ሄላሞ ዘንድ ሮጥኩ።

"ሐይቅ አለ ብያታለሁ።"

"የት?"

"እሱን አንተ ፈልግልኝ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ምጽዋም እንደዚህ አልዋሸንም" አለ። "እዚያ ባሕሩ ነበረ።"

በማግስቱ አልማዝ የጎኑ ወንበር ላይ፣ እኔ ከጋሽ ሄላሞ ኋላ ተቀመጥን። ሞልቷል፤ ተነሳን። "በስተግራ እንሰት" ይላል። "በስተቀኝ ደግሞ ለለውጥ ያህል እንሰት።" አልማዝ አልሳቀችም። መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ ቆመን ሰላም አልን፤ ልጁ፣ ከብቱ፣ ገብሱ በየተራ ደህና መሆኑ ካልተጠየቀ ማለፍ የለም። አንድ ቤት ገብተን ከእንሰት የተሠራ፣ ቅቤ የጠጣ አታካና ቀረበልን። አልማዝ "በቃኝ" ስትል ጨመሩላት። አሁንም አልሳቀችም። "ሐይቁስ?" አለች።

"ቀስ ብለን" አለ ጋሽ ሄላሞ።

ዳገቱ ሥር ቅቤ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚሄዱ አሮጊት አገኘን። ሞተሩን አቆመ።

"መምህር፣ ውረድ።"

"እኔ?"

"ታዲያ እሷን ላውርድ?"

አሮጊቷ ቅቤያቸውን ታቅፈው የጎኑ ወንበር ላይ ተሰየሙ። አልማዝ ወደ እኔ ቦታ ተዛወረች። እኔ ጭቃውን ያዝኩት። ከፊቴ ጋሽ ሄላሞ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ የሆነ ነገር ሲላት አየሁ፤ ከዚያ የአልማዝ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። አናቱ ላይ ስደርስባቸው ግን እየሳቀች ነበር። ስለ ሐይቁ ዳግመኛ አልጠየቀችም። አውቶቡሱም ያለ እሷ ሄደ።

ይሄን ሁሉ ዘመን ሐይቁን ረሳችው ብዬ በብልጠቴ ስኮራ ኖርኩ። ዛሬ መርዶውን ስነግራት ባለቤቴ አልማዝ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ "ያን ቀን ዳገቱ ላይ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"'ልጄ፣ ሐይቅ የለም። ዋሽቶሻል። ግን እስኪ ዞር ብለሽ እዪው፤ ውረድ አልኩት፣ ወረደ፤ እየተከተለሽ ነው' አለኝ። ዞር ብዬ አየሁህ። ጫማህን በእጅህ ይዘህ ነበር።"

ወዳጆቼ፣ ለካ ያን ቀን የሚጎበኘው እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ሄላሞ፣ ሐይቁን ስላልቆፈርክልኝ አመሰግናለሁ። እንግዲህ የሄድክበት አገር ባሕር ካለው ባሕሩን አሳያቸው፤ ከሌለውም አንተ ታውቅበታለህ። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ብቻ ተጠንቀቅ። እኛ እስክንመጣ ድንቹን ጫንና ለጆንያው እያስረዳህ ቆይ። አልማዝ ከጎንህ ትቀመጣለች። እኔ እንደለመድኩት በእግሬ እከተላለሁ።

ሞልቷል።